ለባትሪው ጸልዩ

ደጄ፣ ሆዴ፣

ባለፈው እሁድ ቸርች ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች አዲስ ሴት ለጓደኛዋ፣ «የሷ ባል እኮ በባትሪ ነበር አሉ የሚሠራው» ስትላት ሰማሁ። ዞር ብዬ ሁለት ባትሪ እንደነበር ልነግራት አሰብኩና ተውኩት።

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኔ ደህና ነኝ። የሜልበርኗ ሰፈራችን ታርኔት ዛሬም ተሠርታ አላለቀችም። ልጅህ በእንግሊዝኛ ትቆጣኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልስላታለሁ፤ ተስማምተን እንኖራለን። ማሽንህ ይሰካበት የነበረው ሶኬት ላይ የራስጌ መብራት ሰክቻለሁ፤ አሁን ተኝቼ አነባለሁ።

ልብህ ደክሞ፣ ምትክ ልብ እስኪገኝ ደረትህ ውስጥ ፓምፕ የገጠሙልህ ጊዜ፣ ሽቦው ከሆድህ ወጥቶ ባትሪዎቹን በትከሻህ አንግተህ ስትሄድ የሠርግ ካሜራማን ትመስል ነበር። ጋሼ መንግሥቱ ሊጠይቁህ መጥተው ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ የነቀሉት ያንተን ነው። ማሽኑ ሲጮህ ደግሞ፣ ስልክህ ይጮሃል፣ አንሳው እንጂ አሉህ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የጸሎት ቡድኑ ቤታችን የመጣ ለት ነው። እትዬ አበበች ልብ ቶሎ እንዲገኝልህ አጥብቀው መጸለይ ሲጀምሩ እጅህን አነሳህ። ልብ የሚገኘው ሰው ሲሞት ነው፤ ተንበርክከን የማንን ልጅ ሞት ነው የምንለምነው አልክ።

«ለልብ አትጸልዩ። ለባትሪው ጸልዩ።»

ከዚያ ወዲያ እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች በየሳምንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ለባትሪ ጸለዩ። እትዬ አበበች ቻርጀሩንም ጨመሩበት። ጸሎቱም ተሰማ፤ ባትሪው አንድ ቀን አልከዳህም። ልብ ግን አልመጣም። ጭንቅላትህ ውስጥ ደም ፈስሶ ስታርፍ እንኳ ፓምፑ ይሠራ ነበር፤ ያጠፋችው ሐኪሟ ናት።

አንተ አስቀድመህ በተናገርከው መሠረት የዓይንህን ብሌን ለሁለት ሰዎች ሰጡ። ማንነታቸው አይነገርም። ስለዚህ ባቡር ስሳፈር ደህና ልብስ እለብሳለሁ፤ ፀጉሬንም እሠራለሁ። ማን እንደሚያየኝ አይታወቅማ። በቀደም አንድ ሽማግሌ ትኩር ብለው ቢያዩኝ፣ ጣቢያዬ እስኪደርስ ፈገግ ብዬ ተቀመጥኩላቸው። ደስ ብሎኝ ወረድኩ። እስካለሁ ድረስ እንዲሁ እያጌጥኩ አስታውስሃለሁ።

ትናንት ከሆስፒታሉ ደወሉልኝ። ሁለቱም ሰዎች ሜልበርን አይኖሩም።