ልጓም የበላው ጥርስ

ሆዴ፣ አፈሩ ይቅለልህ። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው፤ ተዝካርህ የፊታችን እሑድ ነው። ቤታችን ደህና ነው። የሣር ክዳኑ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ዝናብ ሲመጣ አያስተኛንም እንጂ።

ከሁሉ በፊት ማፈሪያዬን ልንገርህ፤ ከሌላ አፍ ከምትሰማው ከኔው ይሻላል። ቅዳሜ ብቸና ገበያ መሐል ከመቀነቴ አንድ ትልቅ ጥርስ ዱብ አለ። ሴቶቹ ከበውኝ፣ «ኸረ እሷን እዩ! ባሏ ቢሞት ጥርሷ ረገፈ!» ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ጥርሱን ከመሬት አነሳሁ።

ጥርሱን ያገኘሁት ለድግስህ ጋን ላጥብ ከቤታችን በታች ወዳለው ጅረት ወርጄ ነው። ጠጠር ውስጥ ተቀብሮ ጠቁሯል። ሳየው ያቺ በቅሎህ ትዝ አለችኝ።

ታናሽ ወንድምህ ይስማው ተውሷት ከሞጣ ሲመልስልህ እዚያው ጅረት ላይ ደራሽ ውሃ እንደወሰዳት፣ «ጃንሆይ ይሙት!» ብሎ ማለልህ። አንተ ግን፣ «ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃ በቅሎ ይወስዳል? ሸጠህ በላሃት!» አልከው። ከዚያ ወዲያ እህል ውሃ አልተቋደሳችሁም። ስትሞት እንኳ «ይስማው ተዝካሬ ላይ እንዳይቆም» ብለህ አስማልከኝ። በቀብርህ ቀን ከባሕር ዛፉ ሥር ብቻውን ቆሞ ሲያለቅስ ነበር፤ ሰው ሁሉ ቃልህን ስለሰማ፣ ቀረብ በል ያለው የለም።

በቅሎዋን የሸጠልህ ጋሽ አደም አሁንም ከብት ተራው ላይ አለ። ጥርሱን ይዤ ገበያ የወጣሁት ለሱ ላሳየው ነበር፤ ሰጠሁት። እውነት ልንገርህ? «የአህያ ይሆን?» ስለው አዎ እንዲለኝ በልቤ እየለመንኩ ነበር። ተሳስተህ ሄድክ ከማለት እሱ ይቀለኝ ነበር። አገላበጠው፤ የጥርሱ ፊት በአንድ በኩል ተግጦ ዘመም ብሏል።

«አህያ ደግሞ መች ልጓም ትጎርሳለች? ይኸ ብረት የበላው ነው። ለፈረስም ያንሳል። ስሸጥለት ነግሬዋለሁ እኮ፣ ይቺ ልጓም ስታኝክ ነው የምትውል ብዬ። የናንተዋ ናት፣ እቴ!»

ጥርሱን ተቀብዬ መልሼ ቋጠርኩት።

የንስሐ አባታችንን ብጠይቃቸው «የሙት ቃል ከባድ ነው» አሉኝ። ይስማው ግን በሕይወት አለ፤ ሞጣ ላይ የወንድሙን በቅሎ የሰረቀ እየተባለ። ስለዚህ ሆዴ፣ ቃልህን ልሽር ነው። ነገ ጧት በጭነት መኪናው ጥርሱን ይዤለት እሄዳለሁ። በሩን ይክፈትልኝ ይዝጋብኝ አላውቅም።

አንተን ግን እስክሞት አልረሳህም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መቃብርህ ላይ እመጣለሁ። ብቻዬን ካየኸኝ፣ ይስማው አልማረንም ማለት ነው።