የመስኮቱ መረብ እስኪወርድ

ኮልቢ፣ አንተ ጨቅጫቃ!

አዲሱ የውድድር መኪና ከድሮው ይሻላል ባልከው አሸንፈኸኛል፤ ግን ይህን ፖስት ካርድ ለማንም እንዳታሳይ። ዛሬ ታላዴጋ የመኪና ውድድር ላይ የወንድሜ የታነር መኪና በዚያ ሁሉ ፍጥነት በጎኑ ከመወዳደሪያው ግንብ ጋር ተላተመ። እኛ ሰፈር የአፈር መወዳደሪያው ላይ ሰው ሲገለበጥ እንስቃለን፤ እዚህ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ሹፌር ከተጋጨ በኋላ ደህና መሆኑን ለማሳየት የመስኮቱን መረብ ያወርዳል አይደል? አላወረደም!

"ይሄን ቆርቆሮ አስነድተህ ገደልከው!" ብዬ የመኪናው ባለቤት አጎቴ ሃርላን ላይ አንባረቅኩ።

"ዝም በይና መረቡን እይ!" አለኝ።

በመጨረሻ መረቡ ዱብ አለ። ታነር ወጥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የመረቡን ማላቀቂያ ቦታ የቀየረው ደደብ ማነው? በድሮው ቦታ ስዳብስ ከረምኩ እኮ!"

እየሳቅኩ አለቀስኩ። በድሮው መኪና ቢሆን በሩ ጎኑ ውስጥ ይገባ ነበር። አንተ እንዳልከው፣ የአዲሱ ወንበር ከበሩ ርቆ ወደ መሃል ገባ በማለቱ ታነር አንድ ጭረት እንኳ የለውም። የመኪናው መልክ ግን አሁንም ያስጠላል፤ እሱ ላይ አልሸነፍም!

ቦታ አለቀብኝ። እህቶችህን ሳምልኝ፣ ውሻዬንም አብላልኝ። እማዬ ከጠየቀችህ፣ መረቡ ወዲያው ነው የወረደው በላት።

ጄሲ