ማንኪያው ሲከመር

ሃርሜ፣

«እኔ ነኝ የሠራሁት፤ እሷ ዕቃ በማጠብ አግዛኛለች» አለ ልጅዎ። የሆቴሉ ባለቤት አቶ ተረፋ «ይህን የቅመም ልኬት ማን አወጣው?» ብለው ቢጠይቁ የሰጠው መልስ ይህ ነበር። እኔ ያዋሱኝን የቀንድ ማንኪያዎን ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ሰላምታ ሳላስቀድም ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ይህን ካልተነፈስኩ ሰላምታውም አይወጣልኝም። አከም ጅርቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እዚያ ቢላ ከተማ ዝናቡ ጀመረ? በአማርኛ የምጽፈው ኦሮምኛዬን ሲያነቡ እንባዎ እስኪመጣ ስለሚስቁብኝ ነው።

ሆቴሉ የእርስዎን የቅቤ ቅመም በብዛት ማዘጋጀት እንደፈለገ ነግሬዎታለሁ። እርስዎ የሚሰፍሩት በቀንድ ማንኪያ፣ ሆቴሉ የሚፈልገው በሚሊ ሊትር። የምግብ ሳይንስ የተማርኩት ለዚሁ አይደል? ከፋርማሲ ሲሪንጅ ገዝቼ ማንኪያዎን በውሃ ሞላሁት፤ ዐሥራ ስምንት ሚሊ ሊትር። ግን ውሃ አይከመርም፤ ኮረሪማ ይከመራል። ስለዚህ የተከመረውን ቅመም መስመር ባለው ብርጭቆ ሰፈርኩት፤ ሠላሳ ሁለት ሆነ። ሁለቱንም ቁጥር እዚሁ አብሮኝ ለሚሠራው ልጅዎ ለኢቢሳ ነገርኩት። እጮኛዬ ነው፤ ከማን ልደብቅ?

ምስጋናውን ከወሰደ በኋላ የትኛው ቁጥር እንደሚሠራ ጠፋው። እኔን መጠየቅ አፈረ። ለቅዳሜው ግብዣ ቅቤው ሊነጠር ሲል እጁ በቅቤ ተለቃልቆ ስለነበር የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ለእርስዎ ደወለ። ከሽንኩርት ጆንያው ጀርባ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። «ሃርሜ፣ ተከምሮ ነው ወይስ እስከ ጠርዙ?» ሲልዎት መጀመሪያ «እሷ የት አለች?» አሉት።

«ዕቃ እያጠበች ነው።»

«እንግዲያስ እስከ ጠርዙ ነው ልጄ። ኮረሪማ እኮ ውድ ነው።»

ገንፎው በዚያ ቅቤ ቀረበ። አቶ ተረፋ ቀመሱና «ኢቢሳ፣ ይሄ የታማሚ ነው እንዴ? ቅመሙን ቢላ ረስተኸው መጣህ?» አሉ። ወጥ ቤታችን ድርቤ አላስቻላትም፤ «እሷን ጠይቋት! ማንኪያው ያለው እሷ ጋ ነው» ብላ ጮኸች። ሠላሳ ሁለቱን ይዤ እንደ አዲስ አነጠርኩ። ሽታው ባጃጆቹ ድረስ ሄዶ ሾፌሮቹ «ዛሬ ማን አገባ?» እያሉ መጡ። ማንም አላገባም ሃርሜ። ግን እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ከሰኞ ጀምሮ የቅመም ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ።

በቤትዎ ስንት ዓመት በላሁ፤ ማንኪያ እስከ ጠርዙ ብቻ ሲሞሉ አንድም ቀን አላየሁም። ኮረሪማ ውድ ነው ሲሉም አልሰማሁም። ለምን እንደዚያ እንዳሉት አልጠይቅዎትም።

ኢቢሳ ለእርቅ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው አሉ። እርስዎ አብረው ከመጡ ገንፎው ይጠብቅዎታል። ቀለበቱን መልሻለሁ፤ ማንኪያው ግን፣ ካልተቆጡኝ፣ እኔ ጋ ይቆይ።

ዋቃ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ ጓዳዎ አይጉደል። ለሽማግሌዎቹም ይህን ይንገሩልኝ፦ ሥራዬን ሌላ ሰው የራሴ ነው ሲል፣ ያ ሰው ባሌም ቢሆን፣ ከእንግዲህ አጠገቡ ቆሜ ዝም አልልም።

ምራትዎ መሆኔ ቢቀርም፣
ልጅዎ
ከነቀምቴ