በበለሱ መካከል የከፈትኩት መስኮት

ለምወድሽ እህቴ ለሱልታና፣

ባሕር ቢለያየንም ስምሽ ከጸሎቴ ተለይቶ አያውቅም። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽ አሁንስ ደረጃ ያስወጣሻል? አርጊሪስን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ፣ ግሪክኛውን ጨርሰው ረሱት ወይስ አሁንም ይኮላተፉበታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ኤቫንትያ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ዝም አለ እንጂ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ፍልሰታንም እየጾምኩ ነው።

ስለዘረጋነው የኢንተርኔት መረብ ጠይቀሽኝ ነበር። የስልክ ኩባንያው ለጥቂት ሽማግሎች ብዬ መስመር አልስብም ብሎ ሲተወን፣ የመምህሩ ልጅ ሌሞንያ ከከተማ ተመልሳ በየጣሪያችን ትንንሽ ነጭ ሣጥን ሰቀለች። ሣጥኖቹ ፊት ለፊት እስከተያዩ ድረስ አንዱ ቤት ለሌላው በአየር ያቀብላል፤ የሁሉ አዛዥ የሚባል የለም፤ አንዱ ቢጠፋ በሌላው ዞሮ ይሄዳል። ላይ ሰፈር ብቻ ከኮረብታው ጀርባ ስለሆነ መንገዱ አንድ ነው፤ ከእኔ ጣሪያ ኤቫንትያ ወደተቀበረችበት ትንሽ ቤተክርስቲያን፣ ከዚያ ወደ እነሱ።

እኔ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። የሰው ሁሉ ገመና በቤቴ ሲያልፍ እንደ ዚሲስ ቡና ቤት ልሆን ነው ብዬ። የመንደሩን ብቸኛ ስልክ ታስታውሻለሽ? ዚሲስ ከሰገነቱ ስማችንን ይጮሃል፣ ካርታ ተጫዋቾቹ እጃቸውን አቁመው ያዳምጣሉ። አርጊሪስ ካላገባሁሽ ብሎ ከሜልቦርን የደወለ ዕለት፣ አንቺ ቤት ሳትደርሺ እናታችንን እንኳን ደስ ያለሽ ብለዋት ነበር። ምን ያህል እንዳለቀስሽ! ዛሬ ግን ያ ጩኸት ይናፍቀኛል። ሌሞንያ ነገሩ ከላኪው ቤት ታሽጎ እንደሚወጣ፣ የሚከፈተውም ተቀባዩ ጋ ብቻ እንደሆነ፣ እኔም እሷም ልናነበው እንደማንችል አስረዳችኝ። ዚሲስ ሰምቶ፣ «ታዲያ ምኑ ይጥማል?» አለ።

ስሕተታችን ቦታውን በበረዶው ወራት መምረጣችን ነበር። ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ነው፤ ከጣሪያዬ የመቃብሯ ቤተክርስቲያን ወለል ብላ ትታያለች። ግንቦት ሲገባ ላይ ሰፈር ድርግም አለ። ሌሞንያ ሽቦውን ፈትሻ ፈትሻ፣ በመጨረሻ ቀና ብላ በለሱን አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ቅጠሉ ነው የጋረደው። ኤቫንትያ ሙሽራዬ ሆና ስትመጣ ከአባቷ ግቢ ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችው በለስ ነው። ጉድጓዱን ስትቆፍር ውሃ ያቀበልሻት አንቺ ነሽ።

ዚሲስ ከሥሩ ይቆረጥ አለ። እኔ እምቢ አልኩ፤ ሰውም አፍሮ ተወኝ። ግን ላይ ሰፈር ያሉት እማማ ፖሊክሴኒ መርከበኛ ልጃቸውን በየሳምንቱ በዚያ ሣጥን ያዩት ነበር። ልጠይቃቸው ወጥቼ፣ ድምፅ የሌለውን ስልክ ጭናቸው ላይ አድርገው አገኘኋቸው።

«የሷን ዛፍ እንዳትነካ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ድሮም ስጠብቅ ነው የኖርኩ።»

ከዚያ በኋላ ጸሎቴ አልያዝ አለኝ። የምወደው እሷን ነው ወይስ እንጨቱን? እሷ ብትኖር የእናትን ዓይን በበለስ ትጋርድ ነበር?

አንድ ቅዳሜ መጋዜን ይዤ ራሴ ዛፉ ላይ ወጣሁ። ሌሞንያ መቃብሯ ቤተክርስቲያን ሆና፣ መንገዱ ሲከፈት ደወል ልትመታልኝ ተስማማን። አንድ ቅርንጫፍ ጣልኩ፣ ዝም። ሌላ ጣልኩ፣ ዝም። ሦስተኛው ሲወድቅ ደወሉ ተሰማ። ያ ደወል ሰው ሲሞት ብቻ እንደሚደወል ሁለታችንም ረስተን! መንደሩ እያማተበ ማን ሞተ እያለ ወጣ። ዚሲስ ዛፍ ላይ ሲያየኝ፣ «አንተ ከሆንክ ቀድመህ ውረድ» አለኝ። እማማ ፖሊክሴኒ ብቻ አልወጡም፤ ከልጃቸው ጋር እያወሩ ነበር።

ግንዱ እንዳለ ነው፣ ሱልታና፤ ዘንድሮም አፍርቷል። ከእንግዲህ በየዓመቱ ያንን ክፍተት እመለምላለሁ። አንድ ያላሰብኩት ነገር ግን አለ። ማታ ማታ የመቃብሯን መብራት አብርቼ ስመለስ ከዓይኔ ይጠፋ ነበር። አሁን ደጄ ላይ ስቀመጥ በዚያው ክፍተት ይታየኛል። የሰው ሁሉ ናፍቆት እንደታሸገ በሷ በኩል ያልፋል፤ የኔም አብሮ ይሄዳል።

አርጊሪስን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ ሳሉን በማርና በሻይ ቅጠል ያስታግሰው። ክሪሳንቲን አጎትሽ መልክሽን ማየት ይፈልጋል በያት። ለትንሹ ቶማስ የበለስ ማርማላታ ልኬለታለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደውሉልኝ፤ እዚያው በለሱ ሥር ነኝ።

ወንድምሽ ስቴርጊዮስ
ፔትሮቩኒ፣ ግሪክ
ኦገስት 9 ቀን 2015 እ.ኤ.አ.