ሕመማቸው በስሙ እንዲጠራ ያዘዙት ዶክተር ዓለምጸሃይ እምሩ

ዶክተር ዓለምጸሃይ ከአባታቸው ከአቶ እምሩ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርኽቲ ገብረመድኅን በጥቅምት ወር 1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ አራዳ፣ ውቤ በረሃ ተወለዱ። ውቤ በረሃ ሲሉ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርምና፣ ቶሎ ብለው "የተወለድኩት ግን በቀን ነው" ይሉ ነበር።

አባታቸው ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቋ ዛሬ የለችም። ዶክተር ዓለምጸሃይ የልጅነት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚያች ሱቅ ጠረጴዛ ሥር ብጣሽ ጨርቅ ሲለቅሙ ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በአራዳ ተምረው አጠናቀዋል፤ ከክፍላቸው አንደኛ ወጡ ብሎ መጻፍ ወግ ነበር፣ እርሳቸው ግን "ሁለተኛ ነበርኩ፣ አትዋሹ" ስላሉን ሁለተኛ ነበሩ።

በ1971 ዓ.ም. እናታቸው ወይዘሮ ብርኽቲ ታመሙ። ሐኪሙ የሕመሙን ስም ለአቶ እምሩና ለቤተሰቡ ታላላቆች ነገራቸው። ለበሽተኛዋ ግን፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ "ደም ማነስ ነው" ተባለ። ደም ይተካል ተብሎ ምግባቸው ጉበትና ቀይ ሥር ሆነ፤ ከሥጋ ቤት ጉበቱን የማምጣት ሥራም ለትንሿ ዓለምጸሃይ ተሰጠ። ወይዘሮ ብርኽቲ ለእንቁጣጣሽ ስለሚሰፋው የልጃቸው ቀሚስ እያወሩ በሐምሌ ወር ዐረፉ። ሕመሙ የደም ካንሰር እንደነበረ ልጃቸው ያወቁት ከተዝካሩ በኋላ ነው። ይህ ነገር ከውስጣቸው አልወጣም። "እማዬ ሳትሰናበተኝ የሄደችው ጨክና አይደለም፤ መሄዷን የነገራት ሰው ስለሌለ ነው" ይሉ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በባዮሎጂ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1986 ዓ.ም. ከጂኦግራፊ መምህሩ ከአቶ ቃለጽድቅ በላቸው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። የተዋወቁት ስድስት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ሲጠብቁ ሲሆን፣ ወረፋውን ማን ለማን እንደለቀቀ ባልና ሚስቱ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። አማኑ የተባለ ወንድና እየሩስ የተባለች ሴት ልጅ አፍርተዋል። ዶክተር ዓለምጸሃይ ለሦስተኛ ዲግሪያቸው ወደ ኔዘርላንድስ ሲሄዱ ልጆቹን አጥበው፣ አብልተው፣ ጸጉር ጎንጉነው ያሳደጉት አቶ ቃለጽድቅ ናቸውና ምስጋናቸው እዚህ ላይ ይነበብላቸው።

በ1997 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ፣ የክሮሞሶም ምርመራ የሚካሄድበት ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። ሥራቸው ምን እንደነበረ የሰፈራችን ሰው ደጋግሞ ስለጠየቀ እርሳቸው ባስረዱን ልክ እናስረዳለን። በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ዘረመላችንን የተሸከሙ፣ ክሮሞሶም የሚባሉ ክሮች አሉ። በአንዳንድ የደም ካንሰር ዓይነቶች ሁለት ክሮሞሶሞች ይበጠሱና የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጋር ይቀጠላል። ዶክተር ዓለምጸሃይ ይህንን በአባታቸው ሙያ ያስረዱ ነበር፤ "ሁለት ሱሪ ይቀደድና የአንዱ እግር ለሌላው ይሰፋል። ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት ሱሪ ነው። ጉዱ የሚታወቀው ሲለበስ ነው።"

ከታመመ ሰው በተቀዳ ደም ላይ የሚታየው ግን ተሰፍቶ ያለቀው ነው። እርሳቸው ማየት የፈለጉት ስፌቱ ሲጀመር ነበር። ዘረመልን በተመረጠለት ቦታ ላይ የሚቆርጠው ክሪስፐር የተባለው ዘዴ መምጣቱን በሰሙ ጊዜ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው፣ በልጆቻቸው ዕድሜ ካሉ ተማሪዎች ጎን ተቀምጠው ለመማር እንደገና ባሕር ተሻገሩ። ተምረው ሲመለሱም በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ያሉትን ዘጠነኛውንና ሃያ ሁለተኛውን ክሮሞሶም፣ ካንሰሩ በሚበጥሳቸው በዚያው ቦታ ላይ ቆረጡና ሕዋሱ እንዴት እንደሚጠግናቸው ይጠብቁ ጀመር። አብዛኞቹ ሕዋሳት ቁርጡን ደህና አድርገው ጠገኑት። እጅግ ጥቂቶቹ አሳስተው ቀጠሉት። ለምን እነዚህ ብቻ? ቀሪ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ሥራው አልጋ በአልጋ አልነበረም። አንድ ዓመት በጥምቀት ሰሞን መብራት ጠፍቶ የወራት ልፋታቸው ሊበላሽ ሲል፣ የፒያሳው ባለሱቅ ጎረቤታችን አቶ ፈቀደ ጀነሬተራቸውን በታክሲ ጭነው ደረሱላቸው። ሕዋሳቱ አልተረፉም። ጀነሬተሩም ከቤተ ሙከራው አልተመለሰም። አቶ ፈቀደ ዛሬ በመካከላችን ስላሉ፣ በዚህ ቀን እንደማይጠይቁን ተስፋ እናደርጋለን።

በ2012 ዓ.ም. የጥናታቸው ውጤት ታተመ። ተሳስተው የሚቀጠሉት ክሮሞሶሞች ብዙውን ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ ቀድሞውኑ ተቀራርበው የሚገኙት መሆናቸውን በቤተ ሙከራቸው ሕዋሳት አሳይተዋል። "እንደ ፒያሳ ሰው ናቸው፤ የሚጋቡት ከጎረቤት ነው" ብለው ይቀልዱ ነበር። በጽሑፉ ላይ በመጀመሪያ የሰፈረው የተማሪያቸው የሱፊያን ስም ነው፤ የእርሳቸው መጨረሻ ላይ ነው። አሠራሩ እንደዚያ መሆኑን ቢያስረዱንም ቤተሰባችን እስካሁን ቅር ብሎታል።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ድካም በረታባቸው፤ ገላቸውም ያለ ምክንያት ይበልዝ ጀመር። የደም ናሙናቸው ለክሮሞሶም ምርመራ የተላከው ራሳቸው ወዳቋቋሙት ቤተ ሙከራ ነበር። ሐኪሙ ውጤቱን፣ እንደ ልማዱ፣ ለባለቤታቸውና ለታላቅ እህታቸው ለወይዘሮ የሺ ነገረ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረና ለበሽተኛዋ "ደም ማነስ ነው" እንዲባል ወሰነ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ክሮሞሶም ሲያነቡ ለኖሩት ሴት! ፍቅር እንዲህ ያደርጋል። በቤተ ሙከራው የሚሠራው ሱፊያንም ተለምኖ "ማይክሮስኮፑ ተበላሽቷል" ብሎ ዋሸ። እርሳቸው ግን ትክ ብለው አይተውት "ማይክሮስኮፕ ስለተበላሸ ዓይንህ እንዲህ አይቀላም" አሉት።

ወዲያውም ወይዘሮ የሺ ሳህን ይዘው ገቡ። በሳህኑ ላይ ጉበትና ቀይ ሥር ነበር። ዶክተር ዓለምጸሃይ አዩትና ሳቁ፤ ከዚያም አለቀሱ። "እትዬ፣ ይህን ጉበት እማዬም በልታዋለች። እኔ ነኝ ያመጣሁላት። እኔን ግን ሳልሰናበት አትሸኙኝ" አሉ። በቤቱ ውስጥ ያልተላቀሰ አልነበረም። ከዚያች ቀን በኋላ ማንም አልዋሻቸውም።

ሕክምናቸውን በትዕግሥት ተከታተሉ። የተረፋቸውን ጊዜ በደንብ ተጠቀሙበት። የሦስት ተማሪዎቻቸውን የመመረቂያ ጽሑፍ አልጋ ላይ ሆነው አርመው ጨረሱ፤ አንዱን ሁለት ጊዜ አስደግመውታል። ሕዋሳቱን ለሱፊያን አስረከቡ። ከአማኑና ከእየሩስ ጋር ለየብቻ ተቀምጠው የሚነግሯቸውን ነገሯቸው፤ ምን እንዳሏቸው የልጆቹ ነውና አንጽፈውም።

የሰፈራችን ሰው ወደየአቅጣጫው ቢበተንም እድራችን አልተበተነምና፣ ሊጠይቋቸው ለመጡት ለእድሩ ሊቀመንበር ለአቶ ተክለሃይማኖት አንድ አደራ ሰጡ። በሕይወት ታሪካቸው ላይ "ባደረባቸው ሕመም" ተብሎ እንዳይነበብ፣ ስሙ እንዲጠራ። አቶ ተክለሃይማኖት "ዶክተር፣ ልጆች አሉዎት እኮ፤ ነገ ዘራቸው ውስጥ አለ ቢባሉስ?" ብለው ሰጉ። ዶክተር ዓለምጸሃይም "የኔ የተበላሸው በደሜ ሕዋስ ውስጥ ነው፤ በዘር ከሚተላለፈው የተለየ ነው፣ ከእማዬ አልወረስኩትም፣ ልጆቼም ከእኔ አይወርሱትም። ይህንንም አንብቡላቸው። ስሙን እየሸሸን ስንቱን ቀበርን?" ብለው መለሱ። አቶ ተክለሃይማኖት እሺ አሉ። ወይዘሮ የሺ ግን ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ዶክተር ዓለምጸሃይ እምሩ በደም ካንሰር ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ሁሉንም ተሰናብተው ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ቃለጽድቅን፣ ልጆቻቸውን አማኑንና እየሩስን፣ እህታቸውን ወይዘሮ የሺን፣ ይህን የምታነበውን የእህታቸውን ልጅ ጽዮንን፣ አልቅሰው ያልጠገቡ ተማሪዎቻቸውንም ትተውልን ሄደዋል።

ዛሬ ጠዋት በድንኳኑ ውስጥ አንዲት ለቅሶ ደራሽ እንደ ወጉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ምን አግኝቷት ነው?" ብለው ጠየቁ። እናቴ ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው፣ ድንኳኑ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ "የደም ካንሰር ነበረባት። እማዬንም የገደላት እሱ ነው" አሉ። አያታችን ካረፉ አርባ ስድስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በቤታችን የሕመማቸው ስም ሲጠራ የሰማነው ዛሬ ነው።

እግዚአብሔር የእናትንና የልጅን ነፍስ በአንድነት ያሳርፍልን።