እናቴ የሰደበችሽ ዕለት

ውድ ለምን፣

ስምሽ ጠፍቶኝ አይደለም። ስምሽን እዚህ በትክክል የሚጠራ ሰው ስለሌለ ነው። ርዕሰ መምህሩ እንኳ በወላጆች ስብሰባ ሊያስተዋውቁሽ ተነስተው፣ ደጋግመው ሞክረው ምላሳቸው ሲተሳሰርባቸው “ብቻ... እንግዳችን ናት” ብለው ነው የተቀመጡት። “ለምን” ስንልሽ ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም ማን እንደሆንሽ ያውቃል። በክፋት ያወጣንልሽ ስም አይደለም፤ ከአፍሽ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለነበረ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ከጉዞሽ በኋላ አረፍሽ ወይስ እዚያም መሮጥ ጀመርሽ? እኛ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬ መርፌ መስበሯን አልተወችም። አናጢው ጎረቤታችን ያን የጀመረውን አግዳሚ ወንበር ዛሬም “ነገ እጨርሰዋለሁ” እያለ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ አፏ ግን ደህና ነው። አፏ ደህና መሆኑን በደስታ ነው የምጽፍልሽ፤ ምክንያቱን ቆይተሽ ትረጂዋለሽ።

የተቀመጥኩት አንድ ጥያቄሽን ልመልስ ነው። የሄድሽ ዕለት መኪናው ሊነሳ ሲል አንገትሽን በመስኮት አውጥተሽ “እናትሽ የሰደበችኝ ቀን ለምን አለቀስሽ?” አልሽኝ። እኔም “ሌላ ጊዜ” ብዬሽ ቀረሁ። ምን ላድርግ? ሹፌሩ ጥሩንባውን ያስጮኻል፣ ልጆቹ መኪናው ላይ ይንጠለጠላሉ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በጩኸት መሃል አይወራም። አንቺን ግን አውቅሻለሁ። ጥያቄ ካልተመለሰልሽ እንቅልፍ በዓይንሽ አይዞርም። ይኸው እንድትተኚ ብዬ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ቤታችን መጥተው “ትምህርት ቤት የምታግዘን በጎ ፈቃደኛ ከውጭ አገር ልትመጣ ነው፤ ያቺ የጓሮ ክፍል ባዶ ናት አይደል?” ሲሉ፣ እናቴ “ባዶ ናት” አለቻቸው። ክፍሏ የታናሽ እህቴ ነበረች። እህት እንደነበረችኝና ትኩሳት ይዟት ሳንጠግባት እንደሞተች ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ ከዚያ በኋላ እናቴ ምን እንደሆነች ነው።

እናቴ ጨዋ ሆነች።

አትሳቂ! የድሮዋን እናቴን አታውቂያትማ። ድሮ እኮ እናቴ ስትቆጣ የሰፈሩ ሰው ሰዓቱን የሚያውቅባት ሴት ነበረች። ዶሮዋን ትቆጣለች። በሩ ሲንጓጓ በሩን ትቆጣለች። ያሰጣችው ልብስ ላይ ዝናብ ሲመጣባት ወደ ላይ ቀና ብላ “ምናለ ትንሽ ብትታገስ!” ትለዋለች። ከሁሉም የባሰ የምትቆጣት ግን ታናሼን ነበር። ታናሼ ደግሞ ቁጣውን እንደ ምርቃት ነበር የምትሰማው፤ ወዳ ታናድዳትና እየተፍለቀለቀች ታመልጣለች። እሷ ከሞተች ወዲህ እናቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ሻይ ብደፋባት “ምንም አይደል ልጄ”። የጎረቤት ፍየል አጥር ጥሶ ገብቶ ጎመኑን ቢጨርሰው “እንስሳ አይደል፣ ምን ያድርግ”። ጎረቤቶቻችን “እግዜር ይመስገን፣ ረጋ አለች” ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ፍርሃት ፍርሃት ይለኝ ነበር። ያቺ ለስላሳ ሴት እናቴ አልነበረችም። እናቴ ቤት ውስጥ ሆና ጠፍታብኝ ነበር፤ ማንን “ፈልጉልኝ” እላለሁ? “እባክሽ እማዬ፣ አንድ ቀን ስደቢኝ” ብዬ ልለምናት ምንም አልቀረኝም።

እንግዲህ አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ የመጣሽው እንዲህ ያለ ቤት ነው።

ጠያቂዋ አንቺ ብቻ የነበርሽ እንዳይመስልሽ። እኛስ ምን ያልጠየቅነው ነገር አለ! በር ዘግታ ብቻዋን የምትቀመጠው ማን አስቀይሟት ነው? ገና ሳይጠማት ውሃ የምትጠጣው ለምንድን ነው? “ወዴት ነሽ?” ሲሏት “የትም፣ ዝም ብዬ ልሂድ ብዬ ነው” የምትለውስ የት ልትደርስ ነው? በጠዋት በቁምጣ ስትሮጪ ያየሽ አናጢ መዶሻውን እንደያዘ ከኋላሽ መሮጡን መቼም አትረሺውም። “ምንድን ነው? ማን ነው የሚያባርርሽ?” ሲልሽ “ማንም፤ ለጤና ነው” አልሽው። ላቡን እየጠረገ ተመልሶ “ምንም አልሆነችም፤ ደህና ሆና ነው የምትሮጠው” ብሎ ነገረን። ዛሬም ድረስ እናነሳዋለን፤ እስካሁን የገባው ሰው የለም።

አንቺ ደግሞ ማታ እኔ የስፌት መኪናዬን ስዘጋ ትመጪና ትጀምሪኛለሽ። ልብስ ሰፊ ሆነሽ የራስሽ ቀሚስ ለምን ተተረተረ? ሰው ሁሉ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፍ ከሆነ “ወዴት ነሽ?” ብሎ የሚጠይቀኝ ለምንድን ነው? እስቅብሻለሁ፣ የማውቀውን እመልስልሻለሁ፣ የማላውቀውን እፈጥርልሻለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እናቴ ወደ መኝታዋ ከመሄዷ በፊት ሁልጊዜ “ያቺ ልጅ ዛሬ ደግሞ ምን ጠየቀች?” ትለኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ ከአፏ የሚወጣ ጥያቄ እሱ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ጥያቄሽን ስሰበስብላት የምውለው። ጥያቄ ባጣሁ ቀን በስምሽ ፈጥሬላት አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ሥራ ግን ከለከልንሽ። ጠዋት ስታስተምሪ ቆይተሽ ከሰዓት በኋላ ቤት ትመለሻለሽ፤ መጥረጊያ ስታነሺ እቀማሻለሁ። ጀሪካን ስትይዢ አንዷ ጎረቤት ትቀማሻለች። አንሶላሽን ልጠብ ብለሽ ሳሙና ስትገዢ፣ እናቴ አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ አጥባ፣ አድርቃ፣ አጥፋ አልጋሽ ላይ አስቀምጣው ታገኚዋለሽ። “እርስዎ ይቀመጡ” ትልሻለች፣ በልጇ ዕድሜ ያለሽውን! ክብር የሰጠንሽ መስሎን ነበር። አንድ ቀን አፍጥጠሽ “ለምን አታሠሩኝም?” አልሽኝ።

“እንግዳ ነሻ!”

“እስከ መቼ?”

ይህን ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። የስፌት መኪናዬን ፔዳል መርገጥ ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ለርዕሰ መምህሩ “እዚያ ቤት ሸክም ሆኛለሁ፤ ወደ ሌላ መንደር ብዛወር ይሻላል” ማለትሽን ሰማሁ። ደነገጥኩ። ላንቺ ብቻ አይደለም የደነገጥኩት። አንቺ ከሄድሽ እናቴ ማታ ማታ ምን ልትጠይቀኝ ነው?

አሁን ወደ ባልዲው ልምጣ። ማጀት በር አጠገብ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ሰማያዊ ባልዲ “ለምን አትጠቀሙበትም?” ብለሽኝ ነበር። “ያፈሳል” አልኩሽ። አያፈስም። የታናሼ ነበር። ከቦኖው ውሃ የምትቀዳበት እሱ ነው፤ እሷ ራሷ የሰቀለችው ቦታ ላይ እንዳለ ቀረ። “አትንኩት” ያለ ሰው የለም፤ የነካውም የለም። እናቴ በዚያ በር ስታልፍ ፊቷን ወደ ሌላ ትመልስ ነበር። ይህን ሁሉ ከምነግርሽ “ያፈሳል” ማለት ቀለለኝ። ላንቺ እንዲህ ዓይነት መልስ መስጠት አደጋ መሆኑን መቼ አወቅኩ! አንቺ እንደሆንሽ “ያፈሳል” የተባለ ነገር ከየት እንደሚያፈስ ሳታዪ የማትቀመጪ ፍጥረት ነሽ።

ቅዳሜ ነበር። እኔ በረንዳው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነው። እናቴ ማጀት ነበረች። ቀና ስል በአጥሩ በር ትገቢያለሽ፤ ሰማያዊው ባልዲ ጭንቅላትሽ ላይ፣ ሁለት እጅሽ ባልዲው ላይ፣ ውሃው ከፀጉርሽ እስከ ጫማሽ። ቦኖው ላይ የነበሩት ሴቶች ግማሾቹ በሳቅ እየተንፈራፈሩ ተከትለውሻል። አንቺ ግን ፊትሽ በርቶ “አያፈስም! አንድም ቀዳዳ የለውም!” እያልሽ ትጮኺያለሽ። እናቴ ከማጀት ወጣች። ባልዲውን አየችው። ሴቶቹም ገባቸውና ሳቁ ቆመ። አሁን ትወድቅብኛለች ብዬ ልይዛት ተነሳሁ።

“አንቺ ልጅ!” አለች። “ይሄ ምን የሚሉት አቀዳድ ነው? ግማሹን ለመንገዱ አጠጥተሽ፣ ግማሹን ለብሰሽው፣ ለኔ ምን ልትሰጪኝ ነው? መንገዱ ጠማኝ ብሎሻል? እስቲ አሁን ይሄ ውሃ ይባላል? ለድመት አይበቃም እኮ! አይ ያንቺ ነገር! እግርሽን እያየሽ አትሄጂም? ደግሞ ትስቂያለሽ?”

አንቺ እንኳ አልሳቅሽም ነበር። የምትስቀው ታናሼ ነበረች። ያንኑ ቁጣ ነበር፣ ቃሉም አልተለወጠ፣ “መንገዱ ጠማኝ ብሎሻል?” ሳይቀር። እኔ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ዘጭ አልኩ፤ ዩኒፎርሙን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። እንባ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ስንቀብራት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

አንቺ ፊትሽ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ባልዲውን አስቀመጥሽና ክፍልሽ ገባሽ። ስትወጪ ሻንጣሽን ይዘሻል። “ይቅርታ እማማ። እሄዳለሁ” አልሽ። እናቴ ሻንጣውን አየችው።

“የት ነው የምትሄጂው?”

“ተቆጥተውኛል...”

“ተቆጣሁሽ እንጂ ሂጂ አልኩሽ? ይልቅ ይሄን ሻንጣ ወዲያ በይና ባልዲውን አንሺ። ምሳ በምን ልሠራ ነው፣ በሻንጣሽ?”

ግራ ገብቶሽ እኔን አየሽኝ። እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ፣ እየሳቅኩ “ሂጂ፣ ሂጂ” እልሻለሁ። አንቺም መቼም አንቺ ነሽ፣ “ለምን?” አልሽ።

“ደግሞ ለምን ትለኛለች! ውሃ ስለሌለ ነዋ!”

ሄደሽ ቀድተሽ መጣሽ። ደግሞ አፈሰስሽ፤ ደግሞ ተቆጣችሽ። ድምጿ አጥር ተሻግሮ ስለተሰማ አናጢው መዶሻውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ፣ ቆቡን ከራሱ ላይ አወረደ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ “እማማ መጡ እንዴ?” አለኝ። “መጡ” አልኩት። እናቴ እኮ የትም አልሄደችም ነበር፤ ግን እሱም ገብቶታል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። እንግድነትሽ በዚያ አበቃ። ሽንኩርት ስትከትፊ “ይሄ ለሰው ነው ለፍየል?”፣ በር ዘግተሽ ስትቀመጪ “ምን ደብቀሽ ነው?”፣ ስትሮጪ “ስትመለሺ ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ፣ ከሱቅ ጨው ያዢ!” ለርዕሰ መምህሩ “መዛወሩን ትቼዋለሁ” አልሻቸው፤ ምን እንዳስቀረሽ እሳቸውም እስከ ዛሬ ይገርማቸዋል።

እና መልሴ ይህ ነው፤ ያለቀስኩት ባንቺ አፍሬ ወይም አዝኜልሽ አይደለም። እናቴን ስላገኘኋት ነው። ያገኘሽልኝ ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ባልዲ ያፈስስ እንደሆነ ልታዪ ወጥተሽ። ይህን ፊት ለፊት ልነግርሽ ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ። እንባ እየቀደመኝ ዘጋሁት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አንቺ በሄድሽ ማግስት ጠዋት ከአልጋዬ አልነሳ ብዬ ጆሮዬን ጥዬ ነበር። ባልዲው ወደ ምስማሩ ይመለሳል፣ እናቴም ወደ ጨዋነቷ ትመለሳለች ብዬ ነው የፈራሁት። ማጀት ውስጥ ኮቴዋን ሰማሁ። ምስማሩ ያለበት በር ጋ ስትደርስ ቆመች። ኋላ የእኔ በር ተበርግዶ ተከፈተና ሰማያዊው ባልዲ አልጋዬ ላይ ወደቀ።

“ተነሽ እንጂ፣ ፀሐይ አናትሽ ላይ እስክትወጣ ልትተኚ ነው? ውሃ የለም። ደግሞ እንደነዚያ ሁለቱ ልጆቼ መንገድ ስታጠጪ እንዳትመጪ!”

ሁለቱ ልጆቼ ነው ያለችው፤ ታናሼንና አንቺን። ታናሼ ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር።

እኔን ታውቂኛለሽ፤ ውሃ ስቀዳ ጠብታ አላፈስም። ያን ዕለትም ከቦኖው እስከ አጥራችን ድረስ ሙሉውን ይዤ መጣሁ። እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። አጠገቧ ስደርስ ባልዲውን ዘንበል አደረግኩት።

እህትሽ፣
ልብስ ሰፊዋ