ልጅዎ አይደለሁም፤ ግን ደህና ነኝ

ጥቅምት 4

ዛሬም እንደ ወትሮው። መነጽር ቤቱን ከፈትን፣ አቧራ ጠረግን፣ ሰው መጣ። አንዱን ጎልማሳ ዓይኑን ለክቼ "ሩቁ በደንብ ይታይዎታል፤ ችግሩ ቅርብ ላይ ነው" ስለው፣ "ሩቁ ምን ያደርግልኛል? ለስልኬ ነው የምፈልገው" አለኝ። እውነቱን ነው። ሩቅ የሚያይ ሰው ካየሁ ቆየሁ።

ከሥራ በኋላ አባዬ ጋ ሄድኩ። ወንድሜ ከሚኖርበት ከተማ ተች ስልክ ልኮለታል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ማርሽና ፔዳል የሌለው ነገር አያምንም። ስልኩን አገላብጦ አገላብጦ...

"የሚጫነው የቱ ጋ ነው?"

"ሁሉም ቦታ ይጫናል አባዬ።"

"ሁሉም ቦታ የሚጫን ነገርማ ሰው ያሳብዳል።"

ጣቱ ወፍራም ነው። መስታወቱን አይነካውም፣ ይወጋዋል። ቁጥሬን ልመዝግብልህ ስለው እምቢ አለ። "እኔው ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አልለምደውም።" ከአሮጌው ስልክ እያየ አንድ በአንድ ጻፈ። ሲጨርስ ላብ በላብ ሆኗል። መልእክት መጻፍማ የማይታሰብ ነው። በድምፅ መላክ አሳየሁት። ተጭነህ ትናገራለህ፣ ስትለቀው ይሄዳል። ዓይኑ በራ። "ልሞክረው?" ሲል "ነገ ትሞክራለህ፣ መሽቷል" ብዬው ወጣሁ።

ጥቅምት 7

ወንድሜ ደወለ። "ተማረ?" "ተማረ።" "ጎበዝ።" ሁለታችንም ትልቅ ነገር የሠራን መሰለን።

ጥቅምት 16

አባዬ በአሮጌው ስልኩ ደወለ። "የምልክልሽን ትሰሚያለሽ?" አለኝ። ደንበኛ ይዤ ነበር። "እሰማለሁ፣ እሰማለሁ" አልኩት። በኋላ ስልኬን አየሁ... ምንም የለም። አልቻለበትም ማለት ነው። ቅዳሜ ሄጄ አሳየዋለሁ።

ጥቅምት 19

ቅዳሜ። አልሄድኩም።

ጥቅምት 23

ስልኬ "ውሃ ጠጪ" አለችኝ፤ ጠጣሁ። "ብዙ ተቀምጠሻል፣ ተነሺ" አለችኝ፤ ተነሣሁ። "የመኝታ ሰዓትሽ ደርሷል" አለችኝ፤ ተኛሁ። እናቴ በሕይወት እያለች ይህንኑ ስትለኝ ነበር። አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።

ኅዳር 1

አባዬ ጋ ዋልኩ። ሳቅ ሳቅ ይለዋል። ምነው? ስለው...

"ልጄ፣ ጉድ ልንገርሽ። ያ ሁሉ መልእክት ላንቺ አይደለም ሲሄድ የከረመው።"

ስልኩን ተቀበልኩት። የቁጥሬ መጨረሻ ሦስት ነው፤ ስምንት ብሎ መዝግቦኛል።

"መነጽርህ መቼ የተሠራ ነው?"

"እናትሽ እያለች።"

የሰው ዓይን ስለካ የምውለው እኔ ነኝ እንግዲህ።

ባለ ስምንቷ አንዲት ሴትዮ ናት። መጀመሪያ ዝም ብላ ትሰማው ነበር፤ የሰው ጉዳይ ውስጥ ላለመግባት። ታዲያ አንድ ቀን ምን ብሎ ይልካል? አስከፈትኩትና ሰማሁት። "ልጄ፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው መሰለኝ አትመልሺልኝም። ግድ የለም። ደህና ከሆንሽ ይበቃኛል።"

መልሷ ከሥሩ አለ። ጎርነን ያለ ድምፅ ነው። "ጌታዬ፣ ልጅዎ አይደለሁም። ግን ደህና ነኝ። እርስዎስ?"

ሌሎቹንም ሰማኋቸው። በሩን ቀለም ቀብቷል። የጎረቤት ውሻ ወልዳለች። ሻይ አፍልቶ፣ ሳያስበው በሁለት ብርጭቆ ቀድቷል። ሁሉም "ልጄ" ብለው ነው የሚጀምሩት... መስኮቱን ልክፈት ብዬ ተነሣሁ። ክፍት ነበር።

ቁጥሬን አስተካከልኩለት። ስምንቷን ላጠፋ ስል እጄን ያዘኝ።

"እሷን ተያት። ትመልሳለች።"

ኅዳር 3

ለወንድሜ ነገርኩት። ምነው ባልነገርኩት!

"አብደሻል? ሰው እንዲህ እያለ እኮ ነው የሚታለለው። ደግሞ ዛሬ ድምፅ በኮምፒውተር ይሠራል። ሴትዮዋ ሴትዮ መሆኗን በምን አወቅሽ?"

በምን አወቅኩ? በምንም። ማታ አባዬን ጠየቅኩት። "ሰሞኑን ጉንፋን ይዟታል። ኮምፒውተር ጉንፋን ይይዘዋል?" አለኝ። ይህንኑ ለወንድሜ አስተላለፍኩ። ትንሽ አሰበና፣ "ቫይረስ ግን ይይዘዋል" አለ።

ለአባዬ አዲስ መነጽር ቆረጥኩለት። አድርጎ መስታወት ፊት ቆመና፣ "እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ? ምነው በአሮጌው በተውሽኝ" አለ።

ኅዳር 9

አሁን መልእክቱ በትክክል እኔ ጋ ይደርሳል። በትክክል ነው፣ በብዛትም ነው። አባዬ ወሬ ሲያወራ አውቶቡስ እንደሚነዳ ነው፤ ፌርማታ አይዘልም። ከቤት እስከ ሱቅ የደረሰበትን ለመስማት ምሳ ሰዓቴ አለቀ።

አለቃዬ መላውን ነገረችኝ። ለካ በእጥፍ ፍጥነት መስማት ይቻላል። አባዬ እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ይንጣጣል። ግማሽ ጊዜ ተረፈኝ። በተረፈኝ ምን ሠራሁበት? ... ስልክ አየሁ።

ኅዳር 16

ሴትዮዋ ሻይ ጋበዘችን። አባዬ ብቻውን ይሂድ? በፍጹም። በመኪናዬ ወሰድኩት። ተላጭቶ አገጩን ቆርጦታል፤ ቁራጭ ሶፍት ለጥፎበታል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

የስልኬ ማፕ ወደ ቀኝ አለ፣ አባዬ ወደ ግራ አለ። ማፑን ሰማሁ፤ ግንብ ጋ አደረሰን። አባዬን ሰማሁ፤ ድሮ በአውቶቡስ ያልፍበት የነበረው መንገድ ላይ ሕንፃ ተሠርቶበታል። "እዚህ ጋ እኮ መንገድ ነበር" ይላል፣ ሕንፃውን እንደ ሌባ እያየ። አንድ መንገደኛ ጠየቅን። ሰውዬው ስልኩን አወጣ፣ ማፕ ከፈተ፣ ወደ ግንቡ መለሰን።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ደወለች። "የት ናችሁ?"

"ግንብ ሥር።"

"ከዚያ እንዳትነቃነቁ።"

መጡ። (ካየኋቸው በኋላ አንቺ ማለት አልቻልኩም።) ረጅም ናቸው፣ እርምጃቸው ሰፊ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ። በመንገድ ላይ የሚያልፈው ግማሹ ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላቸዋል። "ይሄን እኔ ነኝ ያዋለድኩት... ያንንም... ያኛው በእግሩ ነው የመጣው፣ አሁንም ግትር ነው።"

ቤታቸው ገብተን አባዬ እጁን ሲታጠብ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልታጣሪኝ ነው የመጣሽው?"

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

"ጥሩ አደረግሽ። አባት ዝም ብሎ አይሰጥም።"

ልጅ አላቸው፣ ሩቅ ነው የሚሠራው። ይጠይቅዎታል? አልኳቸው። "መልእክት እልክለታለሁ፣ አውራ ጣት ይልክልኛል። ደህና ነህ ወይ እለዋለሁ፣ አውራ ጣት። ልጄ፣ እኔ የወለድኩት ሙሉ ሰው ነበር።"

ሳቅኩ። ቤት ስገባ የላክኳቸውን አየሁ። ለአባዬ... አውራ ጣት፣ አውራ ጣት፣ አውራ ጣት።

ስማቸውን በስልኬ "እትዬ አዋላጅ" ብዬ መዘገብኩ።

ኅዳር 29

ማታ ነው። ሳልተኛ ልጻፈው።

ጠዋት የአባዬ መልእክት ደረሰኝ። ሌንስ እየቆረጥኩ ሰማሁት፣ እንደ ልማዴ በእጥፍ። ዛሬ ትንሽ ደክሞኛል፣ ሻይም አላሰኘኝ... እንዲህ ነገር። አውራ ጣት ላክሁ።

ትንሽ ቆይቶ እትዬ አዋላጅ ደወሉ። ደንበኛ ይዤ ስለነበር አላነሣሁም። ደግመው ደወሉ።

"አባትሽ ዛሬ የላከውን ድምፅ ሰምተሻል? ለእኔም ልኮልኛል።"

"ሰምቻለሁ። ደክሞኛል ብሏል።"

"ያለውን አይደለም የምልሽ፣ አባባሉን ነው። ምላሱ ተሳስሯል ልጄ። እደውላለሁ፣ አያነሣም። እኔ ወጥቻለሁ፣ ቤቴ ግን ሩቅ ነው። አንቺ ትቀርቢያለሽ።"

በራሱ ፍጥነት ከፈትኩት። "ል... ጄ..." የሰከረ ሰው ይመስላል። አባዬ ጠጥቶ አያውቅም። በእጥፍ ሲሮጥ ግን ደህና ሰው ነበር!

መነጽሩን ደንበኛው እጅ ላይ ትቼ ወጣሁ። ቁልፍ አለኝ፣ ከፍቼ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ አንድ ጫማ አድርጎ። ሌላኛውን በቀኝ እጁ ሊያነሣ ይሞክራል፣ እጁ አይታዘዘውም። ቀና ብሎ አየኝና በግማሽ አፉ ሳቀልኝ።

ሆስፒታል አደረስኩት። ስትሮክ ነው። ሐኪሙ "በጊዜ ነው ያመጣችሁት" አለ። "ያመጣችሁት" ሲል ማንን ማለቱ ነው? እትዬ አዋላጅ ከኋላዬ ቆመዋል፤ ከታክሲ ወርደው ደረጃውን በሩጫ ወጥተው ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም።

ኅዳር 30

እግሩን ያንቀሳቅሳል።

ታኅሣሥ 3

ወንድሜ መጣ። አባዬን እያየ ቆመ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። እትዬ አዋላጅ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ኮምፒውተር ናት ያልከኝ አንተ ነህ?"

አባዬ ነግሯቸዋል! ወንድሜ እንደ ቲማቲም ቀላ።

"ና እስቲ ንካኝ" ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ። ነካቸው። ከዚያ ትልቁ ሰውዬ እዚያው ትከሻቸው ላይ አለቀሰ። እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ወጣሁ። የማንም ብርጭቆ ግን ባዶ አልነበረም።

ታኅሣሥ 14

አባዬ ቤቱ ገባ። ይራመዳል፣ ቀስ እያለ። ንግግሩ ነው የቀረው። ቃል ይጠፋዋል። ንግግር የምታለማምደው ባለሙያ "ቃሉን አትንገሩት፣ ራሱ ያምጣው" ብላናለች። እኔ አልቻልኩበትም። "እስቲ ያንን... ያንን..." ሲል "ማንኪያ? ፎጣ? መስኮት?" እያልኩ እደረድርበታለሁ። ዛሬ ተቆጣ። "አውቀ... ዋለሁ!" አለ። ቁጣው ግን ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ። ይህን ለማንም አልናገርም።

ታኅሣሥ 21

አባዬ እትዬ አዋላጅን "አንቺ" አላቸው! በጆሮዬ ሰማሁ። "አንቺ፣ መስኮቱን ዝጊው።" እሳቸውም "ለምን አንተ አትዘጋውም?" አሉት። ዘጋው።

"እርስዎ" መቼ ነው የቀረው? ማንም አላማከረኝም። ለወንድሜ ነገርኩት። "እማዬን 'አንቺ' ለማለት ስንት ጊዜ ፈጅቶበት ይሆን?" አለኝ። አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም።

ጥር 10

ከሥራ በቀጥታ አባዬ ጋ ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ቁልፌን መነጽር ቤት ረስቻለሁ። ደወልኩለት... ስልኩ እቤት ውስጥ ይጮኻል። እትዬ አዋላጅ ጋ ደወልኩ። የእሳቸውም እዚያው፣ አጠገቡ ይጮኻል። ሁለቱም ስልካቸውን ጥለው ወጥተዋል። የት ሄዱ? ማንን ልጠይቅ?

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ንዴቱ አለቀ። ፀሐይዋ ደስ ትል ነበር።

ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። ክንዷን ይዟል (በቃ፣ ዛሬ እኔም በልቤ አንቺ ልላት ነው)። እያወራ ነው። ምን እንደሚያወራ ከሩቅ አወቅኩ፤ አንዱ ተሳፋሪ ዕቃ ተሸክሞ አውቶቡስ ውስጥ ካልገባሁ ያለው ጊዜ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያወራው ኖሯል።

"...በሩ ላይ ቆሞ... ይዞ... ያንን ትልቁን..."

ቆመ። ቃሉ ጠፋበት። እሷም ቆመች። ፊቱን አላየችም፣ አላገዘችውም፤ መንገድ ላይ የሚያልፈውን እያየች ቆመች። እኔ ቃሉን አውቀዋለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። መኪና አለፈ። ሌላ መኪና አለፈ።

"ቁም ሳጥን!" አለ አባዬ። "ቁም ሳጥን ተሸክሞ!"

ያኔ ትዝ አለኝ። ይህን ታሪክ ሁሌ "አባዬ፣ ነግረኸናል" ብዬ እዚህ ጋ ነው የማቋርጠው። መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅም።

በሩን ከፈተችልን፣ ገባን። ኮቴን እንኳን ሳላወልቅ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

"እሺ፣ ከዚያስ?"

ብዙ ቆየ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ግን ተናግሮ ጨረሰው። ሰውዬው ገብቷል ለካ፣ ከነቁም ሳጥኑ። ተሳፋሪው ሁሉ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት።